እምነትና የመራጭ ካርድ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች ጥያቄ ይለወጣል። ስለ ቅዳሴው ዜማ መጠየቅ ይቀርና «እንግዲህ ማንን እንምረጥ?» ይመጣል። ደሴ ላይ ከጉባኤ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በሚከራዩት ግቢ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ካህን አይደለሁም። የማስተምር ምእመን ነኝ፤ በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ በአስፈጻሚነት ሠርቻለሁ። የነፍስ ጉዳይ የሆነውን ለንስሐ አባታችሁ ውሰዱት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ምርጫ ይናገራል እንዴ? ያኔ የነበረው ንጉሥ አይደል?

ኮሮጆ የለም፤ መምረጥ ግን አለ። ሙሴ ብቻውን ሲደክም አማቱ ዮቶር የመከረው በዘፀአት 18 ተጽፏል፦ ችሎታ ያላቸውን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ እውነተኞችን፣ የግፍ ጥቅም የሚጠሉትን ሹም። ዘዳግም 1 ላይ ሙሴ ይህንኑ ሲያስታውስ፣ ሰዎቹን እንዲያቀርብ የጠየቀው ሕዝቡን ነው።

እኔ ግን ይህ ጥያቄ ሲመጣ የምገልጠው መሳፍንት 9ን ነው። አቤሜሌክ አባቱ ጌዴዎን፣ እናቱ የሴኬም ሴት ናት። ሥልጣን ሲያምረው መጀመሪያ የሄደው ወደ እናቱ ወንድሞች ነው። ቅስቀሳውም አጭር ነበር፦ የአጥንታችሁ ፍላጭ፣ የሥጋችሁ ቁራጭ ነኝ። «ወንድማችን ነው» አሉና ልባቸው ወደ እሱ አዘነበለ። ከበኣልብሪት ቤተ ጣዖት 70 ብር አውጥተው ሰጡት፤ በብሩ ወሮበላ ቀጠረበት፤ ወንድሞቹን ባንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው። ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነው። እሱም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ተረት ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ተነሡ። ወይራው «ዘይቴን ትቼ?» አለ፣ በለሱ «ጣፋጭ ፍሬዬን ትቼ?» አለ፣ ወይኑም እንደዚያው። በመጨረሻ እሾኽን ለመኑት። እሾኽም ኑና ከጥላዬ በታች ተጠለሉ አላቸው። የእሾኽ ጥላ! ቦርከና ዳር ከብት የጠበቀ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሴኬም በዚያው ባነገሠችው ሰው እጅ ጠፋች፤ እሱም ቴቤስ ላይ አንዲት ሴት ከግንብ በለቀቀችው የወፍጮ መጅ ተመትቶ ወደቀ።

አንድ ምዕራፍ ውስጥ የወገን ቅስቀሳ አለ፣ ከቤተ አምልኮ የወጣ ገንዘብ አለ፣ የተቀጠረ ጎረምሳ አለ፣ «ፖለቲካ አይመቸኝም» ብለው ዳር የቆሙ ደጋግ ዛፎችም አሉ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመልሰው እዚህ ይገባሉ።

እምነቴ በስም ማንን ምረጥ ይለኛል?

ማንንም። ስም የሚጠራልህ ሰባኪ ካጋጠመህ ስሙ ከወንጌል እንዳልመጣ እወቅ። እምነት የሚሰጥህ መለኪያ ነው፤ መለኪያውን ደግሞ ወሎዬ ከሰፈሩ ያውቀዋል። ቅሬያችን (ዕድራችን) ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ አይተሃል? የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የሰው ገንዘብ እጁ ገብቶ ያውቃል? ምን አደረገው? ሌሊት ሰው ሞተ ሲባል ይነሣል? ለሀብታሙም ለድሃውም ድንኳኑን እኩል ያቆማል? ሲሳሳት ይነገረዋል ወይስ ያኮርፋል? ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ቅሬ ውስጥ ባለበት ሰፈር «የማን ወገን ነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ይሳቅበታል። እነዚህ ጥያቄዎች የዮቶር መስፈርት በእኛ አነጋገር ናቸው። መቶ አባወራ ላለበት ሣጥን እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ለአገር ሣጥን ሲሆን ለምን ግድ እንደሚያጣን አይገባኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ምሳሌ 31 ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው አፍህን ክፈት ይላል። የእጩውን ማኒፌስቶ ስታነብ የራስህን ጥቅም ፈልገህ ስትጨርስ ሁለተኛ አንብበው፤ በዚህኛው ዙር መሬት ለሌለው፣ ለተፈናቀለው፣ ከአልጋ ለማይነሣው ሰው ምን እንዳለ ፈልግ። ምንም ካላገኘህ ያም መልስ ነው።

ክርስቲያን እጩ እያለ ሙስሊም ብመርጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

አይሆንብህም። ይህን ጥያቄ በየትኛውም ከተማ ብጠየቅ ቂሮስን ጠቅሼ አልፍ ነበር፤ ኢሳይያስ 45 የእስራኤልን አምላክ የማያመልከውን የፋርስ ንጉሥ እግዚአብሔር «የቀባሁት» ሲለው ይታያል። እዚህ ደሴ ላይ ግን የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ቦሩ ሜዳ ከከተማችን በስተሰሜን ቅርብ ነው። በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን የተዋሕዶ ትምህርት የጸናበት ስለሆነ በደስታ እናስታውሰዋለን። የዚያኑ ጊዜ ሌላ ወሬ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ አናነሣም። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ሹመታቸውን ይዘው ለመቀጠል መጠመቅ ነበረባቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ ኋላም ንጉሥ። ሕዝቡም ታዘዘ፤ እንቢ ያለ ተሰደደ፣ የተዋጋም አለ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» ይባሉ ነበር። ጥምቀትን የሹመት ደብዳቤ ስታደርገው ጥምቀቱ ራሱ ይረክሳል። ይህን የምለው ጥምቀትን ስለማከብር ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ስሙን ብቻ ይዛችሁ ወደ ምርጫ ጣቢያ ብትሄዱ ይበቃል።

የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። ክርስቲያን እጩ ጥሩ ከሆነ «አድልተሃል እንዳልባል» ብለህ አትለፈው። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ሌባ ግን ማተቡ አያድነውም፤ ያዕቆብ 2 ፊት አይቶ ማድላትን በግልጽ ኃጢአት ይለዋል።

የራሴን ወገን ብመርጥ ምን አለበት? ሌላው የራሱን አይደል የሚመርጠው?

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉዎች ስላልሆኑ። ብዙዎቹ በወገናቸው ምክንያት የተገፉ ናቸው፤ «ተው» ሲሏቸው ቁስላቸውን የናቁባቸው ይመስላቸዋል።

የሐዋርያት ሥራ 6ን እንየው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ምእመናን መበለቶቻችን በዕለት እርዳታው ተበደሉ ብለው አጉረመረሙ። ማለትም ዘይትና ዱቄቱ በቋንቋ እየተከፋፈለ ነው አሉ። ሐዋርያት ያሉት «ዝም በሉ፣ ሁላችን አንድ ነን» አልነበረም፤ ሰባት ሰዎች ምረጡ ነው ያሉት። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስሞቹ በሙሉ የግሪክ ስሞች ናቸው። ማኅበሩ በሙሉ፣ ዕብራውያኑም ጭምር፣ ማከፋፈያውን ተበደልን ባሉት ሰዎች እጅ አስረከበ።

እንግዲህ ሁለት ምዕራፍ አለን። ሴኬም «ወንድማችን ነው» ብላ መረጠች፤ ኢየሩሳሌም «ማን ተበደለ?» ብላ መረጠች። የተገፋ ወገንህን የሚከላከል ሰው መፈለግህ አያስነቅፍህም። ሰውየው ከአጥንቱ ሌላ የሚያቀርበው ነገር ከሌለው ግን፣ ነገ ከእሱ አጥንት ያነሰ ቅርበት ያለህ አንተ ራስህ ትሆናለህ።

አባታችን ወይም ሰባኪው በስብከት መሐል እጩ ቢጠቁሙስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። የምርጫ ሕጉም ቤተ እምነትን የቅስቀሳ ቦታ ከማድረግ ይከለክላል። ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ ቤተ መቅደስ ገብቶ የሚሰግደው ሰው የአንዱ ፓርቲ ደጋፊ ብቻ አይደለም።

አንድ ጊዜ፣ የትኛው ደብር እንደሆነ ይቅር፣ አንድ ሰባኪ ስለ ብርሃን እየሰበከ እያለ ብርሃኑን ደጋግሞ ወደ አንድ የምርጫ ምልክት ሲያስጠጋው ሰማሁ። ምልክቱን በስም አልጠራም፤ ግን አጠገቤ የነበረች ልጅ ፈገግ አለች። የነገርኩህን ታስተውላለህ? አንዲት ነፍስ ከዚያ ስብከት ይዛ የወጣችው ስለ ክርስቶስ አልነበረም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ቤተ ክርስቲያኑን አትተዉ፣ ሰውየውንም በአደባባይ አታዋርዱ፤ ብቻውን አግኙትና በአክብሮት ንገሩት። ካልሰማ አለቃ አለው።

ካህን ስለ ጉቦ፣ ስለ ግፍ፣ ስለ ደም ማፍሰስ መስበኩ ግን ፖለቲካ አይደለም፤ ሥራው ነው። ይህንን «ፖለቲካ ተናገሩ» ብላችሁ የምትከሱ ደግሞ ናታንን ዳዊት ፊት ማን እንዳቆመው አስቡ።

ዘይት ሰጡኝ፣ ቲሸርትም ሰጡኝ። ተቀብዬ ሌላውን ብመርጥ ማታለል ነው?

ቲሸርትና ኮፍያ ማስታወቂያ ነው፤ እርሻ ላይ ይለበሳል። ዘይት፣ ስኳርና ብር ግን «ድምፅህን ስጠኝ» ተብሎ ከተሰጠ ጉቦ ነው። ዘዳግም 16 ጉቦ የጥበበኛን ዓይን ያሳውራል ይላል፤ የድሃውንማ እንዴት አያሳውር። ከቻላችሁ አትቀበሉ። ልጆቿ ተርበው የተቀበለች እናት ላይ ግን ፍርድ የምሰጥ እኔ አይደለሁም፤ የሚጠየቀው ረሃቧን የገዛው ነው። ውልም አልገባችም፣ ምክንያቱም የማይሸጥ ነገር አይሸጥም። መጋረጃው ውስጥ ነፃ ናት።

የእርዳታ ስንዴ ወይም የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር እያሳዩ «ካልመረጥክ ትሰረዛለህ» የሚሉ ካሉ፣ ያ ስጦታ ሳይሆን ማስፈራራት ነው። ታዛቢዎች ባሉበት ጣቢያም ሆነ ለምርጫ ቦርድ አቤት ይባላል።

ወንጌል አስይዘው ለአንድ ፓርቲ አስማሉኝ። አሁን ኅሊናዬ ሌላ ይላል።

ጌታ አስቀድሞ አትማሉ ብሏል፤ ስለዚህ ስሕተቱ እዚያ ላይ ተጀምሯል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ከፊትህ አሉ። ሄሮድስ ስለ መሐላው ብሎ የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ፤ ዳዊት ደግሞ የናባልን ቤት ሊያጠፋ ምሎ ሲገሠግሥ አቢግያ መንገድ ላይ አስቆመችው፣ መሐላውን ተወ፣ እግዚአብሔርንም አመሰገነ። ቤተ ክርስቲያን ማንን እንደምታመሰግን ታውቃለህ።

መሐላና ሥልጣን እኛ አገር የቆየ ጣጣ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈትተዋቸዋል። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ሠራዊት ይዘው ተነሥተው በወሩ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ የስንት ሰው ልጅ እዚያ ቀረ። የአያቶቻችን ታሪክ ስለሆነ የመሐላን ነገር ቀላል አላደርገውም፦ ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ፣ የሆነውን ንገራቸው። እስከዚያው ድምፅህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ምሥጢር መሆኑን ያዝ።

ሮሜ 13 «ለበላይ ባለ ሥልጣናት ተገዙ» ይላል። ታዲያ ተቃዋሚ መምረጥ አመፅ አይደለም?

አይደለም። ጳውሎስ የጻፈው ቄሣር በድምፅ በማይወርድበት ዘመን ነው። በእኛ ዘመን ሹሙ ራሱ ከሕግ በታች ነው፤ ሕጉ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ሕዝብ ይፍረድ ይላል። ስለዚህ በኮሮጆ መንግሥት የሚለውጥ ሰው ሕግ እየታዘዘ ነው፤ በኮሮጆ ያለውን መንግሥት መልሶ የሚመርጥም እንዲሁ። ሮሜ 13ን ለአንዱ ወገን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ምዕራፉን እስከ መጨረሻ አላነበበውም፤ ባለ ሥልጣኑም «የእግዚአብሔር አገልጋይ» የተባለው ለመልካም ነገር ነው። አገልጋይ ደግሞ ይገመገማል።

ሰውየውን ልመርጥ ወይስ ፓርቲውን?

ድምፅ የምትሰጠው በምርጫ ክልልህ ለቀረበ እጩ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። መንግሥት የሚመሠርተው ግን ከ547ቱ መቀመጫ አብላጫውን ያገኘው ፓርቲ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እየመረጥክ ነው፤ ወደድክም ጠላህም። እኔ በበኩሌ ወደ ሰውየው አደላለሁ። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ነው ይላል፤ ኅሊና የሌለውን ሰው ልኮ ኅሊና መጠበቅ አይቻልም። ፓርቲው የሚያራምደው ነገር ራሱ ግፍ ከሆነ ግን ጨዋው እጩ ጌጥ ብቻ ነው።

ባለቤቴ «እኔ የምልሽን ምረጪ» ይለኛል። ባሎች ራስ ናቸው አይደል?

እህቴ፣ ካርዱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። እግዚአብሔር ስለ አንቺ የሚጠይቀው አንቺን ነው። መጋረጃው ውስጥ ሁለት ሰው አይገባም። በሰላም «እሺ፣ እናያለን» ብለሽው ሂጂ።

ሁሉም ያው ናቸው። በ2014 ያየነውን አይተን ደግሞ ምርጫ?

በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ ሲመለስ ባዶ ግድግዳ ያገኘ ሰው እንዲህ ቢለኝ የመሳፍንትን ተረት አልነግረውም። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሙሉ ሰላም አላየም። ወደ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ መቅረት ኃጢአት አይደለም፤ መምረጥ በአገራችን ሕግም መብት እንጂ ግዴታ አይደለም።

በሰላም ቤቱ ተቀምጦ «ይቆሽሻል» ለሚለው ግን፣ በተለይ የተማረውና የተከበረው፣ ለእሱ ወይራው አለለት። ወይራው ውሸት አልተናገረም፤ ዘይቱ እውነትም ጥሩ ነበር። እሾኽ የነገሠው ግን ወይራው እንቢ ባለበት ቀን ነው። አንዱንም መምረጥ ካልቻልክ ሁለት አማራጭ አለህ፦ የግል እጩ ካለ ማየት፣ ወይም «ከሁለቱ ደሃው በማን እጅ ያነሰ ይጎዳል?» ብሎ ማመዛዘን። ኤርምያስ 29 የተጻፈው ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ባቢሎንን እንኳ ሰላሟን ፈልጉ ተብለዋል።

ከገጠር መጥቼ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የት ነው የምመርጠው?

ዕድሜሽ 18 ከሞላና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ከኖርሽ እዚያው ኮምቦልቻ ትመዘገቢያለሽ። ቤት ተከራይተሽ ለሦስት ለአራት መኖርሽ አይከለክልሽም። ምዝገባው ከድምፅ መስጫው ቀድሞ ስለሚዘጋ ፈረቃሽን አስተካክለሽ ቶሎ ሂጂ።

እናቴ ማንበብ አይችሉም። ማን ያግዛቸው?

የሚያምኑትን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ። በ2013 እኔ በነበርኩበት ጣቢያ አንዲት እናት ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፣ አንተው አድርግልኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ አይደል?» አሉኝ። አስፈጻሚ ነኝና አልችልም አልኳቸው። ተቀየሙኝ። የጎረቤታቸውን ልጅ አስጠሩ፤ ስሙ ከድር ነው ብለው አስተዋወቁኝ፤ ሁለቱ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ወጡ። ማንን እንደመረጡ አላውቅም።

ምርጫው ከቅዳሴ ወይም ከጾም ጋር ቢገጥምስ?

ብዙ ጊዜ ይገጥማል። የ1997፣ የ2002 እና የ2007 ምርጫዎች እሑድ ነበሩ፤ ቅዳሴ ወጥቶ መሰለፍ ነው። የ2013ቱ ሰኞ ሰኔ 14 ዋለ፤ ጰራቅሊጦስ ባለፈ ማግሥት፣ የሰኔ ጾም የገባ ዕለት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሳይበሉ የቆሙ አዛውንቶች ግድግዳ ተደግፈው አየሁ። ለእነሱ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ።